ቋሚው ፊቱን ያዞረ ዕለት

የከተማችንን ስም አልጽፍም። የምታውቋት ትስቃላችሁ፤ የማታውቋት ደግሞ ብጽፈውም አታውቋትም። በሁለት ኮረብቶች መካከል ያለች፣ ገበያዋ የደራ፣ ሰዎቿ ሰላምታ የሚያስረዝሙ ከተማ ናት ካልኩ ይበቃል። እኔ በዚያች ከተማ ቋሚ ነበርኩ። ቋሚ ማለት ሥራው መቆም የሆነ ሰው ነው። ይህን ሥራ ሌላ አገር ስላላየሁት ከመጀመሪያው ባስረዳ ይሻላል።

ድሮ በከተማችን ሰው ሲያመው አፉ እንዳመጣለት ይናገር ነበር ይባላል። አንዲት እናት ልጇ ርቆ ሄዶባት «አንጀቴ ተቃጠለ» ብላ ብታለቅስ፣ መድኃኒተኞች ተሯሩጠው ቀዝቃዛ እርጎ ሲግቷት ዋሉ። አንዱን ውሻ አስደንግጦት «ልቤ ወለቀች» ቢል ወጌሻ ተጠራለት፤ ወጌሻውም የወለቀችውን ልብ ወደ ቦታዋ ሲመልስ የሰውየውን ጎድን ሰበረ። ሌላው በጀርባው ተኝቶ «ላይ ላዩን ነው የሚያመኝ» አለ። ተኝቶ ስለነበር ላይ የሆነው ሆዱ ነው። መድኃኒተኛው ግን ላይ ማለት ራስ ነው ብሎ ጠጉሩን ላጨው። ሰውየው ሆዱን እንደያዘ፣ ራሱን ተላጭቶ ተቀበረ።

በዚህ ምክንያት የቁመና ቤት ተቋቋመ። ሕጉ አጭር ነው። አካል አንድ አቋቋም ብቻ አለው፤ እሱም ቀጥ ብሎ መቆም፣ ፊትን ወደ ፊት ማድረግ፣ እግርን ማጋጠም፣ እጅን በጎን አውርዶ መዳፍን ወደ ፊት መግለጥ ነው። ሰው ቢተኛም፣ ቢቀመጥም፣ ከዛፍ ላይ ቢንጠለጠልም፣ ስለ አካሉ ሲነገር እንዲህ እንደቆመ ይቆጠራል። ላይ ማለት ወደ ራስ ነው፤ ታች ማለት ወደ እግር ነው። ፊት ሆዱ ያለበት፣ ኋላ ጀርባው ያለበት ነው። ቀኝ ማለት የባለአካሉ ቀኝ እንጂ የተመልካቹ ቀኝ አይደለም። ጥሩ ሕግ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ በሕጉ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ችግሩ የታመመ ሰው እንዲህ ሆኖ መቆም አለመቻሉ ነው። ወገቡን የያዘው ይጎብጣል፤ ሆዱን የቆረጠው ይጠቀለላል። ስለዚህ በሁሉም ፋንታ የሚቆም አንድ ጤነኛ ሰው ተቀጠረ። ታማሚ በገዛ አካሉ ላይ ማመልከት ተከለከለ፤ ሕመሙን በቃል መናገርም ተከለከለ። ታማሚ መጥቶ ከቋሚው ፊት ይቆማል፤ የሚያመውን ቦታ በቋሚው አካል ላይ በጣቱ ያመለክታል። ባለዘንጓ ያንን ቦታ በዘንግ ነክታ በሕጉ ቃል ጮክ ብላ ትጠራለች። ከመጋረጃ ጀርባ ያለው ቆራጭ ጥሪውን ይሰማና ይሠራል። ታማሚው ወደ መጋረጃው ጀርባ ሲገባ የሚያስተኛ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ከራሱ እስከ እግሩ በሸማ ተሸፍኖ ነው። የሚገለጠው ሊሠራበት የታሰበው ቦታ ብቻ ነው። ማየት ያደናግራል ይባል ነበር።

ቋሚ መናገር አይችልም። ቢናገር ንግግሩ እንደ ሕመም ይቆጠርና ምላሱ ይታከማል። ማከክም አይችልም። ከእኔ በፊት የነበረው ቋሚ የተባረረው በዚሁ ነው። አንዲት ሴት ጉልበቷን ልታመለክት እጇን ስትዘረጋ ብብቱን አከከ፤ የዚያን ጊዜው ባለዘንግም «ብብት!» ብሎ ተጣራ። የሴትዮዋ ብብት ተላጭቶ በመድኃኒት ታሸ። ጉልበቷ ግን አሁንም ያስነክሳታል።

የቁመና ቤቱ አዛዥ ሹም አበጋዝ ይባላሉ። ቁጣቸው ቶሎ የሚመጣ፣ ቶሎ የሚሄድ፣ በመሃሉ ግን አዋጅ ትቶ የሚሄድ ሰው ናቸው። እኔን የመረጡኝ በገበያ ቀን ነው። አጎቴ ቢሻው የሸመነውን ሲሸጥ ከጎኑ ቆሜ ነበር።

«ይህ ልጅ ይናገራል?» ብለው አጎቴን ጠየቁት።

«አዎ፣ ለዓመት በዓል» አለ አጎቴ።

«ሰው ትኩር ብሎ ሲያየውስ ምን ያደርጋል?»

«መጀመሪያ ይቀላል። ቀጥሎ ይደርቃል። ሰው እስኪሄድለት ድረስ ዝንብ እንኳ አያባርርም።»

ሹም አበጋዝ ዙሪያዬን ዞሩና «እንዲህ ያለውን ነው ስንፈልግ የከረምነው» አሉ። አጎቴ በሳቅ ሊሞት ደረሰ። «ምንይችል፣» አለኝ፣ «እኔ ስትሽኮረመም ሥራ የምታጣ መስሎኝ ነበር። ለካ ሥራው ራሱ መሽኮርመም ነው!»

አጎቴ ቢሻው ያሳደገኝ ሰው ነው። የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሮቹን ሰድዶ ይቀመጣል፤ የታችኞቹን ሁለት ገመዶች በእግሮቹ አውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል ይይዝና አንዱን እግር ሲጫን ሌላውን ሲያነሳ ይውላል። እጁ ሲወረውር እግሩ ይመልሳል። በከተማችን ሸማኔ ሁለት እግር ከሌለው ሸማኔ አይደለም፤ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው።

ያስተማሩኝ ሹሙና ባለዘንጓ እትዬ አስካለ ናቸው። ከወገብ በላይ ራቁቴን ቆሜ፣ እትዬ አስካለ በከሰል መስመር ታሰምርብኝ ነበር።

«ትንሿ ጣትህ የት ናት?» አሉኝ ሹሙ።

በዓይኔ ወደ ዳር አመለከትኩ።

«ተሳስተሃል! መዳፍህን ግለጥ። አሁን ትንሿ ጣት ወደ ምን ቀረበች?»

ወደ ጭኔ ቀርባ ነበር።

«ስለዚህ ትንሿ ጣት የመሃል ናት፤ አውራ ጣት የዳር ነው። ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን እጁን እያገላበጠ ስለሚኖር ይህን አያውቅም።»

ክርን ከእጅ አንጓ ይልቅ ቅርብ መሆኑን ያን ጊዜ ተማርኩ፤ ቅርብና ሩቅ የሚለካው ክንድ ወይም እግር ከግንዱ ከበቀለበት ቦታ ነው። ቆዳ የላይ ላይ ነው፣ አጥንት የውስጥ ነው። አካልን በሐሳብ ሦስት ዓይነት መቁረጥ እንደሚቻልም ነገሩኝ። አንዱ ከአናት ወርዶ ቀኝና ግራ ይከፍላል፤ አንዱ ከጆሮ ወደ ጆሮ ገብቶ ፊትና ኋላ ይከፍላል፤ አንዱ አግድም ሄዶ ላይና ታች ይከፍላል።

«አትፍራ፣ በሐሳብ ነው» አለችኝ እትዬ አስካለ ከሰሉን እምብርቴ ላይ ስታሳርፍ።

«ለጊዜው» አለ ከመጋረጃው ጀርባ የቆራጩ የጎሹ ድምፅ።

ሆዴን እንደ እርሻ ዘጠኝ ማሳ አድርገው ከፋፈሉት። ጉበት በቀኝ ከጎድን ሥር፣ ጣፊያ በግራ፣ ትርፍ አንጀት በቀኝ ታች። ኩላሊቶች በኋላ በኩል ናቸው፤ ጉበት ከላይ ስለሚጫነው የቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል። ልብ መሃል ላይ ሆኖ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ የግራው ሳንባ ጎረቤት ነውና ቦታ ስለለቀቀለት ከቀኙ ያንሳል። ይህን ሁሉ በቃሌ ያዝኩ። ሳንባ ለጎረቤቱ ቦታ ይለቃል የሚለውን በተለይ ወደድኩት።

ሥራው ከባድ አልነበረም። የሚከብደው መዳፍ ነው። ከገጠር የመጡ ሰዎች መዳፌን ዘርግቼ ስቆም ለማኝ እየመሰልኳቸው የያዙትን ያስቀምጡልኝ ነበር። አጎቴ ይህን ሲሰማ ባለፈ ባገደመ ቁጥር እየገባ መዳፌ ላይ ቆሎ ያፈስልኝ ጀመር። ካፈሰሰ በኋላ እጁን አጣምሮ ይቆማል።

«ጨብጠው እንጂ! ትኩስ ነው እኮ! አንተ፣ ቆሎ እንቢ ይባላል?»

መጨበጥ ክልክል ነው። ቆሎው በጣቶቼ መካከል አንድ አንድ እያለ ይወርዳል፤ እኔ በዓይኔ እከተለዋለሁ።

እንዲህ ስንኖር አጎቴ የቀኝ መንጋጋ ጥርሱን ታመመ። መጣና ከፊቴ ቆመ፤ በቀኝ እጁ በቀኙ ትይዩ ያለውን ጉንጬን ነካ። እትዬ አስካለም እንደ ሕጉ «ግራ! ታች! የኋላ ጥርስ!» ብላ ተጣራች። አጎቴ ጤነኛ ጥርስ በእጁ ይዞ፣ የታመመውን በአፉ ይዞ ወጣ። የወለቀውን ጥርስ አፍንጫዬ ሥር ወዘወዘው።

«ቋሚ፣ ይሄ ጥርስ ምን በደለህ?»

ምሳ ላይ በአንድ ጉንጩ እያኘከ አሰበና ሳቀ። «ገባኝ! ስንተያይ እኮ የኔ ቀኝ ባለበት በኩል ያለው ያንተ ግራ ነው። እኔ ቀኜን አሳያለሁ፣ እነሱ ግራህን ይጠራሉ። ከተማው በሙሉ በተቃራኒው ነው የሚታከመው!»

«እንንገራቸው?» አልኩት። ቤት ውስጥ እናገራለሁ።

«ለማን? ለሹሙ? ሕጌ ተሳሳተ ከሚሉ ሌላውንም ጥርሴን ያስወልቁኛል። እኔ እጄን አሻግሬ አመለክታለሁ፣ በቃ።» እንዳለውም በሌላ ቀን እጁን አሻግሮ አመለከተ፤ የታመመው ጥርስ ወጣ። ለሚወዳቸው ሰዎችም በጆሯቸው ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ወደ ቁመና ቤት የሚመጣው ሰው ግማሹ እጁን ያሻግር ጀመር።

ሰው ከማይናገር ሰው ጋር ማውራት ይወዳል። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ከሆዴ ላይ የከሰሉን መስመር በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ አንገቷን ወደ ጆሮዬ አስጠጋች።

«አንተ አፍ የለህም ብዬ ነው የምነግርህ። ሰዎቹ በተቃራኒው ነው የሚያመለክቱት። አሳዘኑኝ። ስለዚህ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ እያልኩ ነው የምጠራው። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

ከዚያ ወዲህ ባለ በአንዱ ቀን ደግሞ ጎሹ ከመጋረጃው ወጥቶ ቢላዋውን ከአጠገቤ ባለው የድንጋይ ደረጃ ላይ እየሳለ «ቋሚ፣ አንድ ምስጢር ልንገርህ» አለኝ። «የሚጠራልኝ ሁልጊዜ የተገለበጠ ነው። ታማሚዎች ሲነቁ በሚሰድቡኝ ስድብ አወቅሁት። አሁን ቀኝ ሲሉኝ ግራውን፣ ግራ ሲሉኝ ቀኙን እገልጣለሁ። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።»

ቆሜ አሰብኩት፤ ለማሰብ ጊዜ ነበረኝ። እትዬ አስካለ በደግነት ትገለብጠዋለች፤ ጎሹም በደግነት መልሶ ይገለብጠዋል። የሁለቱ ደግነት እርስ በርሱ ተጠፋፍቶ ነገሩ ከነበረበት ይቀመጣል። እጁን ማሻገር የሚያውቅ ሰው ይድናል፤ የማያውቅ አይድንም። አጎቴ የሚያውቅ ስለነበር ስጋት አልነበረኝም።

በበጋው መጨረሻ አጎቴ ከሽመና ጉድጓዱ ሲወጣ የቀኝ እግሩን ስንጥር ወጋው። ነቀለውና ረሳው። እግሩ ግን አልረሳውም፤ አበጠ፣ ጠቆረ፣ ሸተተ። ማላገጡ ቀነሰ፤ በሸማኔ ወንበሩ ላይ ሆኖ እግሩን እንደ እንግዳ ሰው ያየው ጀመር። ቁመና ቤት የእግር ሕመም ደንብ አለው፤ በሩቅ ጫፍ ላይ ያለ መጥፎ ነገር ከቁርጭምጭሚቱ አልፎ ወደ ግንዱ ከሚቀርበው መገጣጠሚያ ይቆረጣል። ማለትም ከጉልበት።

«አንድ እግር ከተረፈኝ በአንዱ ለመሸመን እሞክራለሁ» አለኝ ከመሄዳችን በፊት። «ጤነኛውን ከቆረጡት ግን የታመመውም ነገ መቆረጡ ነው። ያን ጊዜ ጉድጓዱን አፈር ሙላበትና ጎመን ዝራበት።»

ያን ዕለት አዳራሹ ሞላ። አጎቴ በከተማው የታወቀ ቀልደኛ ስለነበር ብዙ ሰው ሊያዝንለትም ሊስቅበትም መጥቷል። እኔ ቀድሜ ገብቼ በቦታዬ ቆሜ ነበር፤ መዳፌ ተገልጧል፣ እግሬ ገጥሟል፣ ዓይኖች ሁሉ እኔ ላይ ናቸው። ጉንጬ ሲግል ይሰማኛል።

እትዬ አስካለ መጀመሪያ መጣች። የቀኝ ጉልበቴን አቧራ የምትጠርግ መስላ በሹክሹክታ «ዛሬ እግር ነው» አለች። «በእግር አልቀልድም። ዛሬስ እንደ ሕጉ፣ ያየሁትን ብቻ ነው የምጠራው።»

ብዙ ሳይቆይ የመጋረጃው ጫፍ ተነሣና የጎሹ ዓይን ታየ። «ቋሚ፣ የዛሬው እግር ነው አሉ። ዛሬ ከራሴ ምንም አልጨምርም። ቀኝ ካሉኝ ቀኝ፣ ግራ ካሉኝ ግራ። ኃጢአቱ በጠሪው ላይ ነው።»

ይህ ገና አላስደነገጠኝም። ሁለቱም አንድ ላይ ስለተዉት ነገሩ ያው ከነበረበት ነው። አጎቴ እጁን ካሻገረ ይተርፋል።

ከዚያ አጎቴን በቃሬዛ አምጥተው ከፊቴ አወረዱት። ተደግፎ ሲቆም ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ እንዲህ አለኝ፦ «አይዞህ፣ አጣርቻለሁ። ባለዘንጓ እንደምትገለብጥ ገበያ ላይ ነገሩኝ። ስለዚህ ዛሬ አላሻግርም፤ ቀጥ አድርጌ ነው የማመለክተው።»

በዚያ ቅጽበት ነገሩ ተገለጠልኝ። ሦስቱም እንደ ልማዳቸው ቢዋሹ የታመመው እግር ይቆረጥ ነበር። ሦስቱም እውነተኛ ለመሆን ስለወሰኑ የሚቆረጠው ጤነኛው ነው። ከተማችን እንዲህ ያለ የታማኝነት ቀን አይታ አታውቅም።

«ታማሚ ያመልክት!» አሉ ሹም አበጋዝ።

አጎቴ በቃሬዛ ተሸካሚው ትከሻ ላይ ተደግፎ ጎንበስ አለ። ጣቱን በቀኙ ትይዩ ወዳለው እግሬ ዘረጋ። እሱ ግራ እግሬ ነው። እትዬ አስካለ ዘንጓን አነሣች። ጩኸት በጉሮሮዬ መጣ፤ ግን ያን ሁሉ ዓይን ሳይ እንደ ልማዱ ተመልሶ ወረደ። እግሬ ግን አፌን አልጠበቀም። ተረከዜ ላይ ዞርኩ።

ጀርባዬን ለሕዝቡ፣ ፊቴን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ መዳፎቼን ወደ ግድግዳው ገልጬ፣ እግሬን አጋጥሜ ቆምኩ። አሁን የአጎቴ ጣት ባለበት ያለው ቀኝ እግሬ ነው።

ወዲያው የአጎቴ ድምፅ «በሉ እንግዲህ፣ ልጄ አኩርፏል» አለ፤ ሰውም ሳቀ።

«ምን መሆኑ ነው?» ሲሉ ሹሙ ሰማሁ። «ሕጉ ፊቱን ወደ ፊት ያድርግ ይላል!»

«አድርጓል እኮ፣ ሹም» አለች እትዬ አስካለ። «ፊት ማለት ፊቱ ያለበት አይደለም?»

«ታዲያ እኔ ያለሁበት ምን ሊባል ነው? ኋላ?»

የሹሙ ወንበር ተንቋቋ፤ ቁጣቸው መጣ፤ እንደ ልማዱም አዋጅ ይዞ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «ፊት ማለት የቁመና ቤት ሹም የተቀመጠበት ወገን ነው! ይህ የምናየው የቋሚው ደረት ነው። ይህም ሆዱ ነው።»

«ሹም ሆይ፣ እምብርቱስ?» አለ ከሕዝቡ አንዱ።

«ይፈለግ!»

«ከታች ያለው ጉንጩ ነው በሉና!» አለ አጎቴ። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

«ዝም በል! ደረቱ ወደዚህ ከሆነ አንተ ያመለከትክበት እግር ግራው ነው። ባለዘንግ፣ ግራ ብለሽ ጥሪ!»

እኔ የማየው ግድግዳውን ብቻ ነበር። ከጭቃው ላይ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ይወርዳል፤ በስንጥቁ ጉንዳን ይወጣል። ጉንዳኑ አያየኝም። ማንም አያየኝም። በዚያ ቤት ከቆምኩ ጀምሮ ዓይን ያላረፈበት ፊት ሲኖረኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጉንጬም ቀዝቅዟል። ስለዚህ እንደ ቤቴ ሆኜ ተናገርኩ።

«ኧረ እግሩን እዩት!»

ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ አዳራሹን ሞላው። ይህን ያህል ድምፅ እንዳለኝ እኔም አላውቅም ነበር።

«ማን ነው የተናገረው?» አሉ ሹሙ።

«ቋሚው ነው» አለ አንዱ።

«በየት አፉ?» አለች እትዬ አስካለ። ድምፅዋ የዋህ ነበር፤ በጣም የዋህ። «ሹም አሁን ባወጁት አዋጅ ፊቱ ወደ እኛ ነው። እዚህ ፊት ላይ ደግሞ አፍ አይታየኝም። ድምፁ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።»

«ከዚያ ወዲያ ያለው ግድግዳው ነው» አለ ሌላ ሰው።

ሹም አበጋዝ አዋጃቸውን ቢሽሩ ፊት የሌላቸው ሹም ይሆናሉ፤ ካልሻሩት የተናገረው የቁመና ቤቱ ግድግዳ ነው። ጀርባዬ ሁሉ ጆሮ ሆኖ መልሳቸውን ይጠብቅ ነበር።

«እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፣ «ቤቱ ራሱ ከተናገረ የሚቃወም የለም። እዩት።»

መጋረጃው ሲከፈት የቀለበቶቹን ድምፅ ሰማሁ። ጎሹ ታማሚ ባለበት ወደ አዳራሹ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ ከባድ እርምጃው ወደ አጎቴ ሄደ። ጨርቅ ሲፈታ ሰማሁ፤ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝም በትንፋሹ አወቅሁ።

«ቆይ፣ ሌላኛውን ነው ያጠብኩት» አለ አጎቴ።

ጎሹ ጎንበስ ብሎ ሲያገላብጠው ቆየ። ከዚያ በግርምት እንዲህ አለ፦ «ምነው ሰዎች፣ ይሄ እኮ ጣት ነው! አውራ ጣቱ! ሌላው እብጠት ብቻ ነው። ከጉልበት ምን አገናኘው?»

«እኔም እንዲያ ልላችሁ ነበር» አለ አጎቴ። «መናገር ክልክል ሆነ እንጂ።»

ቀኝ ነው ወይስ ግራ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የሸተተው እዚያው በዓይናቸው ፊት ነበር። ጎሹ አውራ ጣቱን ብቻ ወሰደ፤ ከስንጥሩ የተረፈውን ስብርባሪም ከውስጥ አወጣ፤ መግሉን አፍስሶ አሰረለት። እስኪጨርሱ ድረስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ ቆምኩ። ዙር ያለኝ ሰው አልነበረም፤ በራሴም ለመዞር አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው። እኔ አልተቀጣሁም፤ የተናገርኩት እኔ አልነበርኩምና። የፊት አዋጁ ግን ቶሎ ተሻረ፤ ሹሙ ከወንበራቸው በተነሡ ቁጥር የቋሚው ሆድ ወዴት እንደሄደ መፈለግ ሕዝቡን አሰልችቶታል። የግድግዳው ቃል ግን ጸንቶ ቀረ። ዛሬ በቁመና ቤት ታማሚ ገብቶ ከግድግዳው ፊት ይቆማል፤ ግድግዳው «እዩት» ሲል ይታያል። ግድግዳው ሁልጊዜ በራሱ ስለማይናገር በስተጀርባው ቀዳዳ ተበጅቶ የሹሙ የወንድም ልጅ ተቀጥሮበታል። ሥራው «እዩት» ማለት ነው። ጎበዝ ልጅ ነው ይላሉ፤ ግን ያረፍዳል። ያልመጣ እንደሆነ ጎሹ ቢላዋውን ይዞ፣ ታማሚው ቁስሉን ይዞ፣ እትዬ አስካለ ዘንጓን ይዛ፣ ማንም ማንንም ሳያይ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።

እኔ ሥራውን ተውኩት። ለሹሙ ሄጄ ለመንገር ስላፈርኩ ዝም ብዬ ቀረሁ። የሚያመለክትበት ሰው ባይኖርም በቦታዬ ሌላ ቋሚ ቆሟል፤ ከእኔ የባሰ ዓይን አፋር ነው ሲሉ ሰማሁ፤ አዘንኩለት።

አጎቴ ቢሻው ወደ ጉድጓዱ ተመልሷል። የቀኙን ገመድ አሁን በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣቱ መካከል ይይዘዋል። መጀመሪያ ገመዱ እያመለጠው ሲራገም ይውል ነበር፤ አሁን ግን ከበፊቱ ይበልጣል ብሎ ይጎርራል፤ አልፎ አልፎም ለገዢዎች ጫማውን አውልቆ ያሳያል። ገዢዎች ባይወዱትም።

ባለፈው የገበያ ቀን እንደ ድሮው ከጎኑ ቆሜ ነበር። እጆቼ በጎኔ ወርደው፣ መዳፎቼ ወደ ፊት ተገልጠው እንደነበር አላወቅሁም፤ ልማድ ነው። አጎቴ አየኝና ከኪሱ አንድ ጭብጥ ቆሎ አውጥቶ መዳፌ ላይ አፈሰሰው። ከዚያ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ጨብጠው እንጂ!»

ቆሎው በጣቶቼ መካከል መውረድ ጀመረ። አንድ ፍሬ መሬት ወደቀች፤ በዓይኔ ተከተልኳት። ግራና ቀኜን አየሁ። ገበያው ይሻሻጣል፤ የሚያየኝ አጎቴ ብቻ ነበር። ትንሿን ጣቴን ከመሃል አጠፍኳት፣ ሌሎቹም ተከተሏት፤ በመጨረሻ አውራ ጣቴ ከዳር መጥቶ ከላይ ከደናቸው።

ቆሎው እንዳለው ትኩስ ነበር።